ፈረሱን አይቶ በፈረሰኛው መፍረድ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ባልና ሚስት መተሳሰብ፥ ስለ ቤት ንጽሕና ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ የሚታየው በመንገድ ላይ ነው፤ ፍርዱ የሚሰጠው ግን በቤት ውስጥ፥ አባትና እናት ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ዕድል በሚመክሩበት ሰዓት ስለ ሆነ፥ ለቤተ ሰብ ገጽ የማይገባ አይደለም። ይኸውም በሞተር ሳይክል ስለሚሄዱ ሰዎች የሚነገረው ወሬና እውነቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለመግለጽ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ነገር እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ ካለችው ከይጁቤ ከተማ አንድ በዕድሜ የገፉ ዘመዴ ወደ ቤቴ መጡ። ካረፉና እህል ውሃ ከቀመሱ በኋላ የመጡበትን ጉዳይ እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ።

«ልጄን ለጋብቻ ጠየቋት። የተላኩት ሽማግሌዎች ደኅና ሰዎች ናቸው፤ የልጁም ወላጆች በአገሩ የተከበሩ ናቸው። ልጁ ተምሮ ላሞችን የሚያዳቅል የመንግሥት ባለሙያ ሆኗል። ዳሩ ግን ሞተረኛ ነው። ጧት ማታ በዚያ በሚያጓራ ነገር ላይ ተቀምጦ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር ይውላል። ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሰጥቼ ወዳንተ የመጣሁት፥ ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ትመክረኝ ዘንድ ነው።»

«ሞተረኛ መሆኑ ምን ነውር አለበት፥ ጋሼ?» ብዬ ብጠይቃቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ሦስት ምክንያት ሰጡኝ። «አንደኛ፥ ሞተረኛ ሌባ ነው ይባላል። ሁለተኛ፥ ሞተረኛ ጠጪና ዘዋሪ ነው፥ ቤት አይዝም ይባላል። ሦስተኛ፥ ሞተረኛ ዕድሜ የለውም ይባላል፤ ልጄ በልጅነቷ ጥቁር እንድትለብስ አልፈልግም» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ሰዓት በልቤ የተስማማሁት ከእርሳቸው ጋር ነበር። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በእግሬ ስሄድ ሁለት ሰዎች በአንድ ሞተር ከኋላዬ መጥተው የእጅ ስልኬን ከጆሮዬ ላይ መንትፈውኝ ነበርና፥ ከዚያ ቀን ወዲህ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቍጥር ኪሴን መያዝ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ስለዚህ «ይከልክሏት» ለማለት አፌን ከከፈትሁ በኋላ፥ የአንዲት ልጅ የሕይወት ጉዳይ በአንድ ስልክ ቂም ሊፈረድ አይገባም የሚል ሐሳብ ያዘኝ። «ጋሼ፥ አብሬዎት ይጁቤ ልሂድና በዓይኔ አይቼ የመሰለኝን ልንገርዎ» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈቀዱ።

አንባቢዬ ሆይ፤ የእኒህን አባት ሦስት ምክንያቶች አንድ በአንድ እንመርምር።

የመጀመሪያው ሞተረኛ ሌባ ነው የሚለው ነው። ይህ ወሬ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በአዲስ አበባ በሞተር ተቀምጠው የሚነጥቁና ሌላም ወንጀል የሚሠሩ ሰዎች ስለ በዙ፥ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል በከተማው እንዳይንቀሳቀስ ከልክሎ ነበር። ይሁን እንጂ ክልከላውን ያወጣው አስተዳደር ራሱ ሁሉን ሞተረኛ በአንድ ዓይን አላየም፤ ሥራቸው ታውቆ ፈቃድ የተሰጣቸው እንዲያልፉ መንገድ ተወላቸው። ሕግ የለየውን እኛ በጭውውታችን እንደባልቀዋለን።

እስቲ አንድ ነገር እናስተውል። በእግሩ ሄዶ የሰረቀውን ሰው ሌባ እንለዋለን እንጂ እግረኛ ሁሉ ሌባ ነው አንልም። በመኪና መጥቶ የዘረፈውን ወንበዴ እንለዋለን እንጂ ባለመኪና ሁሉ ወንበዴ ነው አንልም። በሞተር መጥቶ የሰረቀውን ግን ሞተረኛ ብለን እንጠራውና፥ በዚያው ስም ሐኪሙንም፥ መምህሩንም፥ የእርሻ ባለሙያውንም እንከሳቸዋለን። ስሙ ለሌባው ተሰጥቶ ዕዳው ለሌላው ሲተርፍ ይህ ፍርድ አይባልም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የተደረገ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ ሆሊስተር በምትባል ትንሽ ከተማ፥ በ1947 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የሞተር እሽቅድምድም በዓል ተደርጎ ነበር። ከመጡት ብዙ ሰዎች አንዳንዶቹ ሰክረው ረበሹ። ላይፍ የሚባለው ባለ ሥዕል መጽሔት አንድ ሰካራም በቢራ ጠርሙሶች መካከል በሞተር ላይ ተቀምጦ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አወጣ። ፎቶግራፉ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው የሚል ክርክር ኋላ ቢነሣም፥ ሥዕሉ አስቀድሞ በሕዝብ ዓይን ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1953 ደግሞ ያን ወሬ መሠረት ያደረገ፥ ማርሎን ብራንዶ የተጫወተበት ፊልም ወጣ፤ ሞተረኛም በዓለም ሁሉ የሁከተኛ ምሳሌ ሆኖ ቀረ። በእንግሊዝ አገር ፊልሙ ወጣቶችን ያበላሻል ተብሎ ከ10 ዓመት በላይ ተከልክሎ ነበር። ይህን የምናገረው እኛም ሥዕል የምናወጣ ጋዜጠኞች ትምህርት እንድንወስድበት ጭምር ነው። አንድ ሥዕል ሺህ ሰላማውያንን ሊያስረሳ ይችላል።

ሰውን በሥራው መሣሪያ መስደብ ደግሞ ለአገራችን አዲስ በሽታ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን በስሙ ሳይሆን በሙያው እየጠራን ስናንቋሽሽ ኖረናል። ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ ተቀብለን፥ ሸማውንም ለብሰን፥ የሠራውን ሰው ግን ቡዳ ነው ብለን ከማዕድ አራቅነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ስድቡን ከቀጥቃጩ አንሥተን በሞተረኛው ላይ የጫንነው ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሞተረኛ ዘዋሪ ነው፥ ቤት አይዝም የሚለው ነው። ይህን ለመመርመር በማግስቱ ይጁቤ ደርሼ ያየሁትን ልናገር።

ጧት ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ለወጣቱ ስልክ ተደወለለት። አንድ ገበሬ ላሙ ኮርማ መፈለጓን ሊነግረው ነበር። ልጁም ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለበትን ዕቃ በሞተሩ ላይ አጥብቆ አሰረና ለጉዞው ተዘጋጀ። የዚህን ሥራ ምሥጢር ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የተመረጠው ኮርማ ዘር በዚያ ዕቃ ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይጠበቃል። ላሚቱ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከአንድ ቀን አያልፍም። ጧት ምልክት ያሳየች እንደ ሆነ በዚያው ቀን ወደ ማታ፥ ማታ ያሳየች እንደ ሆነ በማግስቱ ጧት መዳቀል አለባት። ያ ሰዓት ካለፈ ገበሬው ሌላ 21 ቀን ያህል ይጠብቃል፤ የጠፋው ወተትና ጥጃም የልጆቹ ጕርሻ ነው። እንግዲህ አንድ ባለሙያ በአንድ ቀን በሦስት አራት ቀበሌ የሚጠሩትን ገበሬዎች በእግሩ እንዴት ሊደርስላቸው ይችላል? መኪናም እንኳ ቢያገኝ፥ ከመኪናው መንገድ ወዲያ ያለው በማሳ ድንበር የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው።

በዚያው ቀን በመንገድ ዳር ቆሜ ሌሎቹንም ተመለከትሁ። አንዲት የጤና ባለሙያ የክትባት መድኃኒት በቀዝቃዛ ሣጥን ይዛ፥ ከሞተረኛ ጓደኛዋ ኋላ ተቀምጣ አለፈች። የብዙው ክትባት ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መጠበቅ ስላለበት፥ በመንገድ ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት የሕፃን ጤና ነው። አንድ ሽማግሌ ከሞተረኛ ኋላ ተቀምጠው፥ ዶሮአቸውን በብብታቸው አቅፈው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። አንድ መምህር ከሚያስተምርበት ቀበሌ ይመለሳል። እኒህ ሁሉ በክረምት ደግሞ ዋልካው ጎማ ሲይዝ፥ ሞተሩን እየገፉ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። በሌላው የአፍሪካ ክፍልም፥ በሌሴቶና በጋምቢያ፥ ራይደርስ ፎር ሄልዝ የሚባል ማኅበር የጤና ሠራተኞች ሞተር ነድተው ሩቅ መንደር እንዲደርሱ፥ ሞተሩም በየጊዜው እየተጠገነ እንዲቆይ ሲሠራ ኖሯል። የሚያመላልሰው ሞተር ካልተበላሸ ሐኪሙ ይደርሳል፤ ሐኪሙ ከደረሰ ሕሙሙ ይድናል የሚል ቀላል ሐሳብ ነው።

ማታ ከዘመዴ ጋር እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። «መዞሩስ አልቀረም» አሉኝ። እኔም እንዲህ ስል መለስሁላቸው። «ጋሼ፥ ይህ የባሶ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት በገበያው የታወቀ ነበር። ነጋዴው አሞሌ ጨው ጭኖ ዓባይን እየተሻገረ፥ ከወዲያ ማዶ ቡናና ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስም እያመጣ በዚህ ይገበያይ ነበር። እርስዎም የቅድመ አያትዎን ነጋዴነት ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል። ወንዙ ሲሞላ ከቤታቸው ወራት ርቀው ይከርሙ አልነበረምን? ያን ጊዜም ነጋዴ ዘዋሪ ነው፥ ቤት አይዝም የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። ያም ሆኖ ቤታቸው ቆመ፤ እነሆ እርስዎም ከዚያ ቤት ተወለዱ። ይህ ልጅ ግን ጧት ወጥቶ ማታ ይመለሳል።» ዘመዴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ሣቁ፤ «እርሳቸውማ አንድ ክረምት ሙሉ ጠፍተው፥ ሞተዋል ተብሎ ሊለቀስላቸው ነበር» አሉኝ።

ስለ መጠጡም ልጁን የሚያውቁትን ጠየቅን። የተባለው ሁሉ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን በዚህ ነገር ላይ የምሰጠው ምክር ወደ በኋላ ይመጣል።

ሦስተኛው ምክንያት ሞተረኛ ዕድሜ የለውም የሚለው ነው። እዚህ ላይ አባትየውን ለማሳመን ብዬ እውነትን ልሸፍን አልቻልሁም። ሞተር አደገኛ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ብረት ይከበዋል፤ ሞተረኛን የሚከበው ነፋስ ብቻ ነው። የዓረቢያው ሎረንስ በመባል የታወቀው እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎረንስ የጦርነቱን መከራ ሁሉ አልፎ ሳለ፥ በ1935 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአገሩ መንገድ ላይ በሞተር ሲሄድ፥ በቢሲክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወድቆ ራሱን ተመታ፤ ከስድስት ቀንም በኋላ ሞተ። ራሱን የሚጠብቅ ነገር አልደፋም ነበር። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባለው የአንጎል ሐኪም ግን ሐዘኑን ወደ ጥናት ለወጠው። በጦሩ ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱትን ሞተረኞች የራስ ጕዳት መርምሮ በ1941 ጥናቱን አሳተመ፤ የራስ ቁር የሰውን ሕይወት እንደሚያተርፍ አስረዳ። የእንግሊዝ ጦርም ከዚያ ወዲህ ሞተረኞቹ የራስ ቁር እንዲደፉ አዘዘ።

ከዚያ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ይህንኑ አጸኑት። በ2008 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው በተመዘኑ ጊዜ፥ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው የራስ ቁር አደጋ የደረሰበትን ሞተረኛ ከሞት የሚያገኘውን ዕጣ በ42 ከመቶ፥ የራስ ጕዳቱን ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ታወቀ። በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ፕሮፌሰር ሃሪ ሄርት 900 የሞተር አደጋዎችን ከቦታው ድረስ ሄዶ አስመርምሮ በ1981 ያወጣው ጥናት ደግሞ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ያለበት ነው። ሞተሩ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ጥፋቱ የሌላው ነጂ ነበር፤ ሞተረኛውን ሳያይ ወይም ቅድሚያውን ነፍጎት የገባበት ነው። ስለዚህ ሞተረኛ ሁሉ በገዛ እብደቱ ይሞታል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ነገር ግን በዚያው ጥናት አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92ቱ ከመቶ መንዳትን ከአስተማሪ ሳይሆን በራሳቸው ወይም ከወዳጅ ዘመድ የተማሩ ነበሩ። ሞት ከደረሰባቸውም አደጋዎች በግማሹ ያህል መጠጥ ነበረበት። ስለ መጠጥ የምለው ይኸው ነው፤ ሞተረኛ ሁሉ ጠጪ አይደለም፤ ጠጥቶ የሚነዳ ሞተረኛ ግን ለሚስቱ ጥቁር ልብስ ራሱ የሚገዛ ሰው ነው። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለዚህም ይስማማል።

እንግዲህ ከሦስቱ ምክንያቶች ሁለቱ በወሬ የቆሙ ሆነው አገኘኋቸው፤ ሦስተኛው ግን እውነተኛ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱንም የሚያርቀው ልጁ ራሱ ነውና በማግስቱ ልጁን አስጠርተን አነጋገርነው።

ዘመዴ «መንዳት ከማን ተማርህ?» አሉት። በማሠልጠኛ ተምሮ የመንጃ ፈቃድ ያወጣ መሆኑን ተናግሮ ወረቀቱን አሳየ። «የራስ ቁር አለህን?» አሉት። አወጣው፤ ብዙ የተጫረና ያረጀ ቢሆንም ማሠሪያው ደኅና ነበር። «ከመሸ በኋላ ትነዳለህን?» አሉት። «ላም ካልጠራችኝ በቀር አልነዳም፥ አባባ» ብሎ ቢመልስ ሁላችንም ሣቅን። ከዚህ በኋላ ግን ዘመዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ከኋላህ ለምትቀመጠውስ የራስ ቁር አለህን?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አጣ። ብዙ ጊዜ ሰው ከኋላው አስቀምጦ ሲሄድ፥ ለዚያ ሰው ምንም አዘጋጅቶ አያውቅም ነበር። «የለኝም፥ አባባ፤ አላሰብሁበትም» ብሎ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ።

ልጁ ከሄደ በኋላ ልጅቱን ጠየቅናት። እርሷ በዚያ አገር መምህርት ናት። በመጀመሪያ ዝም ብትልም አባቷ «ተናገሪ፥ ልጄ፤ የምትኖሪው አንቺ ነሽ» ሲሏት እንዲህ አለች። «እማማ ከገበያ ስትመለስ አቧራ እንዳይነሣባት ብሎ ሞተሩን አቀዝቅዞ ሲያልፍ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። እኔ ማየቴን እርሱ አያውቅም።» ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ እኛም ከዚህ በላይ አልጠየቅናትም።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ። ዘመዴ የሰጧቸው መልስ በአገሩ እስከ ዛሬ ይነገራል። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ነገር ግን ከጥሎሹ ጋር አዲስ የራስ ቁር ይምጣ፤ ልኩም በልጄ ራስ ይሁን» አሉ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ጥሎሽ ሰምተው ስለማያውቁ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ልጁ ግን ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄዶ ገዝቶ አመጣ። ሠርጉም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ጥሎሹ ለሕዝብ ሲታይ፥ በቀሚሱና በጌጡ መካከል የራስ ቁሩ ቀይ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ «ይህ ደግሞ የምን ድስት ነው?» ብላ ሁሉን አሣቀች።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ከዚህ ነገር የምናገኘው ትምህርት ለሦስት ወገን ነው።

ለወላጆች፤ ልጃችሁን የሚጠይቃችሁን ሰው በሚቀመጥበት ነገር አትመዝኑት። በበቅሎ የሚሄድ ጨካኝ አለ፤ በመኪና የሚሄድ ወስላታ አለ፤ በሞተር የሚሄድ ደግ ሰው አለ። ምን ላይ ይቀመጣል ብላችሁ ከመጠየቅ ይልቅ፥ በመንገድ ያገኘውን ደካማ እንዴት ያልፈዋል ብላችሁ ጠይቁ።

ለሞተረኞች፤ በስማችሁ ላይ የተጫነውን ወሬ በቍጣ አታራግፉትም፤ የሚራገፈው በምግባር ነው። በገበያ መካከል እያስጓራችሁ ስትበሩ ያየ ሕፃን ሁሉ በእናንተ የሚመሰክር ነው። የራሳችሁን ቁር ደፍታችሁ ከኋላችሁ የተቀመጠውን ባዶ ራሱን ብትወስዱት፥ ነፍሳችሁን ከነፍሱ ማብለጣችሁን በአደባባይ ማሳወቃችሁ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ላላችሁ ደግሞ፤ ለአንድ ወጣት ባለሙያ ሞተር ስትሰጡት የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ብቻ የሰጣችሁት አይምሰላችሁ፤ የአንዲት እናትን ልጅ በእጃችሁ ተቀብላችኋል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስፈረማችሁ በፊት ትምህርቱን፥ ከቁልፉም ጋር ሁለት የራስ ቁር ስጡት። የሁለት ቁር ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲመዘን ኢምንት ነው።

እኔም በበኩሌ፥ ከዚያ ጉዞ ወዲህ የሞተር ድምፅ ስሰማ እጄ ወደ ኪሴ መሄዱን ፈጽሞ አልተወም። ነገር ግን ኪሴን ከያዝሁ በኋላ ቀና ብዬ የሰውዬውን ፊት መመልከት ጀምሬያለሁ።